እህቴ ሳጥኑ ውስጥ የከተተችው ልብስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬ በቴሌቪዥን ወጣሁ። ጥቁሩን ሹራቤን አስወልቀው፣ የምሠራበትን የልብስ ፋብሪካ አረንጓዴ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠምጥመው ከሳጥኑ አጠገብ ያቆሙኝ ባለፈው ሳምንት ነበር። «ለእርስዎ ያረጀ ልብስ ለሌላው አዲስ ነው። ወደ ዳግም ልብስ ሳጥን ያምጡት፤ እኛ ለሚለብሰው ሰው እናደርሰዋለን።» ይቺን ለማለት ግማሽ ቀን ፈጅቼ ነበር። አንዴ ምላሴ ይተሳሰራል፣ አንዴ መብራት ይጠፋል። መጨረሻ ላይ ሳልኮላተፍ ስጨርስ ካሜራ ያዡ ራሱ፣ «እኔም አሮጌ ጃኬቴን ላመጣ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ለማንም የማላሳየው ደብተር ስለሆነ ልጻፈው፤ በጣም ደስ አለኝ።

ማታ እህቴ ደወለች። «ጩጬ፣ አየሁሽ!» እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ጠጉሬ መሸበት ጀምሮም ጩጬ ማለቷን አልተወችም። «እንዴት አምሮብሻል! ያ ሻርፕ ግን የማን ነው?»

«የመሥሪያ ቤት ነው፣ እትዬ።»

«መልሺላቸው። ፊትሽን ያጠወልገዋል።» ሳቅን። ከዚያ፣ «እውነት ለሰው ይደርሳል?» አለችኝ።

«ይደርሳል እንጂ!»

ለምን እንደጠየቀችኝ ገብቶኛል። አንድያ ልጇ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። የልጅቷን ቁም ሳጥን ግን እስካሁን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም። አቧራውን እንኳ የምትጠርገው ከውጭ ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ስብሰባ ነበረን። ሥራ አስኪያጃችንን ከጀርባዋ «ቶሎ ቶሎ» እንላታለን፤ ሰላምታዋም ስንብቷም እሱ ስለሆነ። ዛሬ ግን ተረጋግታ ተቀመጠች። እኔንም ሰው ፊት አመሰገነችኝ። አሮጌ ልብስ ሳጥኑ ውስጥ የጣለ ሰው አዲስ ሲገዛ ቅናሽ ያገኛል፤ ስለዚህ ሽያጩ ከወትሮው በልጧል። ሰዉ ሸክሙን አራግፎ ሌላ ሸክም ይዞ ይሄዳል።

የእኔ ሥራ ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ ነው። ክረምቱን ሙሉ በየሱቆቻችን ቆሜ ስጠይቅ ከርሜአለሁ። «ልብሳችሁ ገና ሲታጠብ ይጣመማል።» «ዚፑ ከቀሚሱ ቀድሞ ይሞታል።» «ኪስ አድርጉልን፤ ሴት እጅ የላትም እንዴ?» «ለትልቁ ልጄ የገዛሁት ለትንሹ አይተርፍም፤ የሚተርፍ ሥሩልኝና እጥፉን ልክፈል።» አንዲት ነርስ ደግሞ፣ «አዲስ መግዛት ትቻለሁ፤ የማልለብሰው ቤቴ ተከምሮ ሳየው አፍራለሁ» አለችኝ።

ሁሉንም ጽፌ አቅርቤ ነበር። ቶሎ ቶሎ ከሁሉ መርጣ የወደደችው የነርሷን ነው። «አየሽ፣ ሰው የሚፈልገው ጠንካራ ዚፕ አይደለም። ሳያፍር መግዛት ነው» አለችኝ ያኔ። ሳጥኑ የተወለደው ከዚያ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

የዚፑን ነገር ዛሬም ላነሳው ነበር። ሲያጨበጭቡ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

በችኮላ ነው የምጽፈው።

የዕቃ መኪናችንን ሹፌር ግቢ ውስጥ አገኘሁት። የዳግም ልብስ ጆንያዎች እስከ ላይ ተጭነዋል። «ጋሼ፣ የዛሬው ለየትኛው የእርዳታ ድርጅት ነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «የምን ድርጅት? ለጡብ ፋብሪካው ነው እንጂ። ለምድጃው።» የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ቶሎ ቶሎን ጠየቅኋት። በር ላይ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች።

ልብሱን የሚለዩ ሰዎች አልተቀጠሩም። የተቀደደውን የሚፈጨው ማሽን አልተገዛም። የእርዳታ ድርጅቶቹ የመጀመሪያውን ጭነት ከፍተው አይተው «ይብቃን» ብለዋል፤ አብዛኛው የኛው ልብስ ነው፤ ለመልበስ ቀርቶ ለመወልወያም አይሆንም ብለዋል። መጋዘኑ ሞልቷል። ጡብ ፋብሪካው ደግሞ በነፃ ይወስድልናል።

«ግን እኔ ለሰው እናደርሳለን ብዬ…»

«በጡቡ ቤት ይሠራል። ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል? ሰው!» በራሷ ቀልድ ሳቀች። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «ለጊዜው ነው፤ ማሽኑ እስኪመጣ። በይ ቶሎ፣ ቶሎ።»

ለጊዜው ነው። እሷ ናት ያለችው፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ለራሴ ስለው ዋልኩ።

ለእህቴ ልደውልላት አስቤ ነበር። ምን ብዬ? ደግሞስ እሷ ያንን ቁም ሳጥን መቼ ትከፍተዋለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ከፈተችው።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው፤ ቀለል ብሏል። «ጩጬ፣ አደረግኩት! ብቻዬን ይዤ ሄጄ ሳጥንሽ ውስጥ ከተትኩት። ሁሉንም።»

«የቱ ሱቅ?» ብቻ ነው ያልኩት።

«ገበያው አጠገብ ያለው። ጥበቃው አገዘኝ፤ ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነው! ቅናሽ አለሽ ሲሉኝ ግን አልወሰድኩም። ልጄን ልሸጥ ነው እንዴ የመጣሁት?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፤ አፌም በቦታው ነው። «ጎበዝ፣ እትዬ» አልኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

እህቴ ቤት ዋልኩ።

የቁም ሳጥኑ በሮች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ታችኛው መደብ ላይ የራሷን አንሶላዎች ደርድራለች። ሌሊቱን ሳትነቃ እንዳደረች ነገረችኝ፤ ከልጅቷ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አታውቅም። ፊቷ አብጧል፤ የእንቅልፍ እንጂ የለቅሶ እብጠት አይደለም። ይህን ልዩነት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬ።

ምሳ አቅርባ፣ ራሷ ሳትበላ፣ የከተተችውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። የትምህርት ቤት ጉርዱ። የዝናብ ካፖርቱ። ልጅቷ ልትለብሰው ቸኩላ የዋጋውን ወረቀት ሳትቆርጥለት ወጥታ የተሳቀባት ሸሚዝ። ቢጫው ሹራብ፣ ክርኑ ሲቀደድ እህቴ በሰማያዊ ክር የጠገነችው። «ቢጫ ክር አጣሁና ነው። ስታየው አኮረፈችኝ። ኋላ ጓደኞቿ ፋሽን ነው አሉና እሷም ሌላኛው ክርን ይጠገንልኝ ብላ አረፈች!» ከልቧ ሳቀች። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

«አሁን ማን ይሆን የሚደርሰው?» አለች። «አይነገርም ካልሽኝ አልጠይቅሽም፤ ሥራሽ ነው።»

መውጫ በር ከፍታልኝ ነበር። አይነገርም ብላት ያልቅ ነበር። እኔ ግን፣ «ለተማሪዎች ነው» አልኩ። «ከሩቅ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ሴቶች ልጆች አሉ፣ እትዬ። ብርድ ልብስ እንኳ የላቸውም።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እየተናገርኩ ልጆቹ ታዩኝ፤ ክፍላቸው፣ መስኮታቸው፣ ጫማቸው ሳይቀር። ያሳፈረኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ማማሩ ነው፤ ከማስታወቂያው እንኳ የተሻለ አደረግሁት።

«የኔዋ ረጅም ነበረች» አለች እህቴ አስባ። «እጅጌው ከረዘመባት ያጥፉላት በያቸው። እንዳይቆርጡት።»

«እላቸዋለሁ» አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ትናንት ገና በጠዋት ሱቁ ሄጄ ነበር። ሳጥኑ ባዶ ነው፤ እሑድ ተነስቷል። ሹፌሩን ለመንኩትና ዛሬ በምሳ ሰዓት ወደ ጡብ ፋብሪካው ይዞኝ ሄደ።

ገና ከሩቅ ይሸታል። የእንጨት ጭስ አይደለም፤ የላስቲክ ዓይነት ነው፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር። ፋብሪካው አጥር ሥር ያሉት ቤቶች ልብስ የሚያሰጡት ደጅ አይደለም፤ መስኮቱን ዘግተው በክፍላቸው ውስጥ በገመድ ነው። በአንዱ መስኮት የሕፃን ልብሶች ተደርድረው አየሁ።

ክምሩ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ነበር። አልተቃጠለም ነበር! የምድጃው ኃላፊ አመድ የጠጣ ኮፍያ ያደረገ ትልቅ ሰው ነው። «ዝናብ መቶት ነው የመጣው፤ ዛሬ አንነካውም። ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ።

«አንድ… ለማየት ነው» አልኩት፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት።

ጆንያዎቹ ተፈትተው ተደባልቀዋል። እርጥብ ሱሪ፣ እርጥብ ፎጣ፣ ሳይለበስ የተጣለ ቀሚስ። ብዙው የኛው መለያ አለበት፤ ጣቴ ሲነካው ያውቀዋል። አንድ የወንድ ሸሚዝ ደረት ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ብጫቂ ወረቀት አገኘሁ፦ «ለሚለብሰው፤ ቁልፎቹን አጥብቄአቸዋለሁ። አንገትጌው ትንሽ ሳስቷል፤ ይቅርታ።» ሰውየው ይቅርታ ይጠይቃል። ለምድጃ።

ሸሚዙን ይዤ እንደቆምኩ ጡብ የሚሸከሙ ሴቶች አጠገቤ አረፉ። «ይቺ የቴሌቪዥኗ ሴትዮ አይደለችም?» አለች አንዷ።

«የቷ?»

«እናደርሰዋለን ያለችው!»

«ታዲያ አደረሰችው አይደል እንዴ!»

ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው የሚስቀው ሳቅ ነው። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ። ሸሚዙን ጣልኩት። በዚያ በቢሮ ድምፄ፣ «ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

«ነገ ተረጋግተሽ ነይና እይው እንግዲህ» አለኝ ኃላፊው። «እናቆይልሻለን።»

«ነገ እመጣለሁ።»

መኪናው ውስጥ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያስነሳ ቆየ። «ጊዜ እኮ አለን። የምትፈልጊው ካለ ልጠብቅሽ።»

«ይቅር፣ ጋሼ። እንሂድ።»

ክምሩን ግማሹን እንኳ አላየሁም። የክምሩን ሩብ እንኳ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ስብሰባ። ከዚያ ሌላ ስብሰባ። አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22

ደመና ነው። እርጥብ ነገር አይነድም። ሴቶቹ ከሰዓት በኋላ ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ባይኖሩስ? ነገ በጠዋት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

ሄድኩ። ቆርቆሮው ሥር ተጠርጓል።

«ረቡዕ እስኪመሽ ጠበቅንሽ» አለ ኃላፊው። «ትናንት ምድጃው አጠገብ ዘርግተን አደረቅነውና ሌሊቱን ነደደ። የምትመጪ ከሆነ ስልክ ብትሰጪን ኖሮ።»

እያጽናናኝ ነው፤ የስልክ ጥፋት አስመስሎልኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 2

ብዙ ቀን አልጻፍኩም። የሚጻፍ አልነበረም፤ ወይም ነበረ።

ዛሬ እህቴ በሩን ስትከፍትልኝ እጄን ይዛ ነው ያስገባችኝ። «አየኋት!»

«ማንን?»

«ሹራቡን የለበሰችውን! አውቶቡስ ፌርማታው ላይ። ቢጫ ነው፣ ያው ቢጫ። እስከ ትምህርት ቤቷ በር ተከተልኳት። አላናገርኳትም፤ አትፍሪ፣ ልጅቷን ላሸማቅቃት ነው እንዴ? እጅጌው ልኳ ነው፣ ጩጬ! ልክ ልኳ!»

«ክርኑ ላይ ሰማያዊ ነበረው?» አልኳት። የተጠረገውን ባዶ ቦታ ያየሁት እኔ፣ ለአፍታ፣ ምናልባት አንዲት ሠራተኛ ሹራቡን ከክምሩ መርጣ ለልጇ ወስዳው ይሆናል አልኩ።

«ቦርሳዋ ጋርዶብኝ አላየሁትም። ግን እሱ ነው። እናት አትሳሳትም።»

ፀጉሯን ተተኩሳለች። ግድግዳውን ልታስቀባ ነው። ጎረቤቶቿ ሰው ሆነች ይሉኛል፤ ያመሰግኑኛል ጭምር። እንዲህ ያለውን ነገር አፍርሺው ብትባል ማን ያፈርሳል? እያልኩ ነው የምውለው። ለእሷ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ለእሷ ብዬ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

እህቴ በየቤቱ እየዞረች ልብስ ታሰባስባለች። በኪራይ ጋሪ ሞልታ ገበያው አጠገብ ያለው ሱቅ ታደርሳለች።

ዛሬ እዚያው ሱቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «የባሌን ካፖርት ልሰጥ አልፈለግሁም ነበር፤ ገና ይሠራል» አለች አንዷ። «ግን ያቺ ሴትዮ የሞተች ልጇን ልብስ ሰጥታ እኔ በካፖርት ልሰስት?»

ካፖርቱ ወፍራም ነው፤ ገበሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አምስት ክረምት ይሻገራል። ሰዎች ሠርታችሁ ስጡን ብለው የለመኑኝ ዓይነት ልብስ ነው፤ ራሳቸው ነበራቸው። ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት።

ከመደርደሪያው ጀርባ አልወጣሁም።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ቶሎ ቶሎ ጠራችኝ። ከገበያው ሱቅ ፎቶግራፍ ተልኮላታል፤ እህቴ ጋሪዋን እየገፋች። «ይቺን ሴትዮ አየሻት? ልጇ የሞተችባት ናት አሉ። ለሚቀጥለው ማስታወቂያ እሷን ነው የምንፈልገው። አንቺ ያለቀሰ ሰው ፊት የለሽም። ታውቂያታለሽ?»

እንዳየኋት፣ እንዳላወቅኋት ሆኜ፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ «አላውቃትም» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ልጻፍ። ከማስታወቂያው ላድናት ነው። እንደዚያ ነው።

እንደዚያ አይደለም። እህቴ ናት ካልኩ፣ «ታዲያ እያወቅሽ የእህትሽን ልጅ ልብስ አስከተትሻት?» ትለኛለች ብዬ ነው። ቶሎ ቶሎ እንኳ እንዳትንቀኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ያለእኔ አገኟት። እህቴ ደወለች፤ ሰኞ ሱቁ በር ላይ ትቀረጻለች። «ድንገት አይተሽ እንድትገረሚ ብዬ ልደብቅሽ ነበር፤ አላስቻለኝም! ስለ ልጄ እናገራለሁ። አገር ይሰማታል። ምን ልልበስ?»

«ወይን ጠጇን» አልኳት።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ምን ልልበስ ስትለኝ የቀሚስ ቀለም ነገርኳት።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ነገርኳት።

ወይን ጠጇን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ካውያው እስኪግል እየጠበቀች ነበር። «ተቀመጪ፣ እትዬ» አልኳት። «እየተኮስኩ እሰማለሁ» አለች።

«ልብሱ ለሰው አልደረሰም።»

«ገና ነው?»

«አይደርስም። ጡብ ፋብሪካ ተወስዶ ተቃጥሏል። ሁሉም ነው የሚቃጠለው። አንቺ በጋሪ የወሰድሽውም።»

ካውያውን አቆመችው። ያየቻትን ቢጫ የለበሰች ልጅ ታነሳብኛለች ብዬ ነበር። አላነሳችም።

«መቼ አወቅሽ?»

«በጥቅምት።»

«ከመክተቴ በፊት ነው፣ በኋላ?»

በኋላ ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። «በፊት» አልኳት። «ትከፍቺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ሄደሽ አየሽው?»

«ሄጄ ነበር።»

«ነበረ?»

«ክምሩ ነበረ። አልተነካም ነበር። ፈለግሁ።»

«አጣሽው?»

«ትንሽ ነው የፈለግሁት።»

ይቺ ቃል አልገባቻትም። «ትንሽ ማለት?»

«ሰው አወቀኝ። አፈርኩና ተመለስኩ። ነገ እመጣለሁ ብዬ ነበር።»

ብትጮህብኝ፣ ብትመታኝ እወድ ነበር። ልጅ እያለሁ ሳጠፋ በነጠላ ጫማዋ ትመታኝ ነበር፤ ያኔም ቀድማ የምታለቅሰው እሷ ነበረች። ዛሬ አላለቀሰችም። ካውያውን አነሳችና በእጇ ጀርባ ግለቱን ሞከረች።

«ሂጂ።»

«እትዬ…»

«ሂጂ አልኩሽ። ቀሚሴን ልተኩስበት።»

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ከመርሳቴ በፊት። እንደማልረሳው ግን አውቃለሁ።

ሱቁ በር ላይ ገመድ ተወጥሮ መንገደኛ ቆሞ ያያል። ያ ካሜራ ያዥ ነው ያለው። ሳጥኑ ለፎቶውም ለቀረጻውም ሞልቶ እንዲታይ ሁለት እሑድ ሳይነሳ ቆይቷል። ቶሎ ቶሎ የእኔን አረንጓዴ ሻርፕ ይዛ ቆማለች፤ ለእህቴ ልታለብሳት። እህቴ በሰዓቱ መጣች፤ ወይን ጠጇ ቀሚስ አንድ ጭርምት የለባትም። ክንዷ ላይ የታጠፉ ባዶ ጆንያዎች ይዛለች። ሻርፑን በእጇ ገፋችው። እኔን አላየችኝም፤ ወይም አይታኛለች።

«ይጀምሩ፣ እናቴ» አለች ቶሎ ቶሎ። «እዚህ ሳጥን ውስጥ ምን ከተቱ?»

«የልጄን ልብስ» አለች እህቴ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አቃጥለው ጡብ ሠሩበት። ጎረቤቶቼን ደግሞ እኔ ነኝ ያሳሳትኳቸው። የነሱን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

ዞራ የሳጥኑን ክዳን ከፈተች። ጎንበስ ብላ ማውጣት ጀመረች።

«አጥፋው! ካሜራውን አጥፋው! ጥበቃ!» ቶሎ ቶሎ ወደኔ ዞረች። «ማናት ይቺ? ማን ነው የላካት?»

«እህቴ ናት» አልኩ።

«አላውቃትም አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ያየኛል። የጡብ ፋብሪካው ሴቶች ሁለት ሦስት ነበሩ፤ እዚህ መንገድ ሙሉ ሰው ነው። ጥበቃው ወደ እህቴ ሄዶ አጠገቧ ቆመ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አፍ ከፈተላት። ካሜራ ያዡ መሣሪያውን አውርዶ ወደኔ መጣ። በጆሮዬ፣ «የኔም ጃኬት?» አለኝ።

«ያንተም» አልኩት።

መሣሪያውን ወደ ቦርሳው መክተት ጀመረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እህቴ የሞላውን ጆንያ ለብቻዋ ልታነሳ ሞክራ አቃታት። እኔ መሃል መንገድ ላይ እንደ ግንድ ቆሜአለሁ። ልርዳት? ትገፋኝ ይሆን? በሰው ፊት? ይህን ሳሰላ ነው ቀና ያለችው።

«ምን ይገትርሻል? በዚያ በኩል ያዢው።»

ያዝኩት። እስከ ቤቷ ስንመላለስ ውለን ሳጥኑን ባዶ አደረግነው። በመንገድ ሁሉ ከ«ወደ ግራ» እና ከ«አሳርፊው» ሌላ ቃል አላወጣችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ከሥራ ተሰናብቻለሁ። የስንብቱ ደብዳቤ «የድርጅቱን ስም በማጉደፍ» ይላል። በገበያው ሱቅ ያለው ሳጥን ተነስቷል፤ የሌሎቹ ሱቆች ግን እንዳሉ ናቸው፤ የኔን ማስታወቂያም ትናንት ማታ አሳይተውታል። ፊቴ ለማያውቁኝ ሰዎች አሁንም እናደርሰዋለን ይላል።

የቀድሞ ባልደረቦቼን ጠርቼ የማውቀውን ሁሉ ለሚሰማኝ ጋዜጣ እናገራለሁ አልኳቸው። አንዱ፣ «አንቺም እኮ አለሽበት» አለኝ። አለሁበት።

እህቴ ቤት የልጅቷ ክፍል በጆንያ ሞልቷል። እየለየን፣ የተቦጨቀውን እየጠገንን ነው። መርፌ ስትሰጠኝ ዓይኔን አታይም። ዛሬ ስትሰፋ ቆይታ፣ «ባለቤቶቹ ሊወስዱ ይመጣሉ» አለች። «ጥበቃው አድራሻውን እየነገረልን ነው። እኔ ግን ለማንም አላስረዳልሽም። በሩ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ለእያንዳንዱ ሰው ራስሽ ትነግሪያለሽ።»

ሁለተኛው ክርን ይጠገንልኝ ያለችው ልጅ አክስት ነኝ። እሷ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? አላሰብኩም እንጂ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

መጀመሪያ የመጣችው የካፖርቷ ሴትዮ ናት። ዣንጥላዋን አጥፋ ደጁ ላይ ቆመች። ካፖርቱን ከጆንያው አውጥቼ፣ አራግፌ ሰጠኋት። ገበሩን ገልጣ አየችና ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«ለምን ነው የሚመለሰው? አልተፈለገም?» አለችኝ። ቅር ብሏታል፤ ስጦታዋ የተናቀ መስሏት።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ ማን?»

«በቴሌቪዥን… ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ የምናገረው።»

ፊቴን ደህና አድርጋ አየችው። «ቴሌቪዥን የለኝም» አለች። «እኔ ያመንኩት ልጇ የሞተችባትን ሴትዮ ነው።»

አታውቀኝም። የማፍርበትን ነገር አንድም አልሰማችም። ካፖርትሽን ያዢና ሂጂ ብላት አመስግናኝ ትሄዳለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እሷ መልሴን እየጠበቀች ነው።

«እንግዲያው ከመጀመሪያው ልንገርሽ» አልኳት። «የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ መጠየቅ ነበር…»

ከውስጥ የእህቴ የመቀስ ድምፅ ቆመ።

«ወንበር ስጫት እንጂ!» አለች ጮክ ብላ። «ያን ሁሉ ቆማ ልትሰማሽ ነው?»